የጋሼ ደምሴ መጋረጃዎች

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ፎቶ አንሺው ደምሴ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሮቢንስዴል በሚገኝ ሆስፒታል ሞተ። የሞተው በልብ ድካም ነው። ዕድሜውን ሦስት ሰዎች ጠይቄ ሦስት የተለያየ ቁጥር ስለሰጡኝ አልጽፈውም።

የተቀበረው ቅዳሜ ነው። የሕይወት ታሪኩን ያነበበው የእድሩ ጸሐፊ «በአሜሪካ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ላይ ከፍተኛ ምርምር ያደረጉ ታላቅ ምሁር» አለ። ከኋላዬ የቆመ ሰው ለጓደኛው «የትኛው ደምሴ ነው? ሌላ ሰው ቀብር ላይ መጥተን እንዳይሆን» ሲለው ሰማሁ። ጓደኛው አንገቱን ዘርግቶ የሬሣ ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን ፎቶ አየና «ራሱ ነው» አለ። ብርዱ ከባድ ስለነበር ጸሐፊውን ሊያርም የሞከረ የለም። የጋዜጣ ሰው ነኝና ማረሚያ ማውጣት ሥራዬ ነው። ይህ ማረሚያ ነው።

ደምሴ ምሁር አልነበረም። የፈረሱ ሕንፃዎችን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ መጋረጃ ያደርግና ከፊታቸው ሰው እያቆመ ፎቶ የሚያነሣ ባለ ስቱዲዮ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ደምሴ እንለው ነበር፤ በዕድሜ የሚበልጡት ጭምር።

አዲስ አበባ ሳለ መርካቶ አጠገብ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እዚያ መጋረጃው ላይ በቀለም የተሣለ አውሮፕላን አለ፤ ደንበኛው ከእንጨት የተሠራ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን ያሳርፍና ሊሳፈር እንደሆነ ሰው እጁን እያውለበለበ ይነሣል። «አንድም ሰው አልበረረም» ይል ነበር ጋሼ ደምሴ። «ግን ገንዘቤን መልስ ያለኝም የለም።»

ሚኒሶታ ሲመጣ አውሮፕላኑ አላስፈለገውም። ደንበኞቹ ሁሉ በርረው መጥተዋል። የጎደላቸው «እዚህ ደረስኩ» ብለው የሚያሳዩት ነገር ነበር። በዚያ ዘመን አገር ቤት ፎቶ መላክ ግዴታ ነው፤ ደብዳቤ ቢቀር ይታለፋል፣ ፎቶ ከቀረ ግን ሰፈር ይነጋገራል። የምንኖረው ደግሞ ብሩክሊን ሴንተር አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ቆመህ ብትነሣ ከኋላህ የሚታየው የቆሻሻ ገንዳው ነው። ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ሄደህ እንዳትነሣ ብርዱ ፊት ያጨማድዳል፣ ጃኬቱም ሱፉን ይሸፍነዋል። ጋሼ ደምሴ ይህን ችግር አይቶ ሮቢንስዴል ውስጥ አንድ የሰው የታክስ ፎርም የሚሞላ ሰው ቢሮ ጀርባ ክፍል ተከራየ። ዳውንታውንን ወደ ቤት አስገባው፤ ማሞቂያም ለቀቀበት።

ሕንፃዎቹን ያገኘው ከቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ የድሮ ፎቶዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ። የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ማዘጋጃ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ወንዙ ዳር የነበሩት የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የእህል ጎተራዎች፣ ሁሉም በካርቶን ሣጥን ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከፈረሱ ቆይተዋል። ጋሼ ደምሴ እዚያ ያለ ከረባት አይሄድም ነበር። የወደደውን ፎቶ ቅጂ ያስወጣና የሱቅ ባነር ወደሚያትሙ ሰዎች ይወስደዋል፤ እነሱ ግድግዳ የሚያህል ፕላስቲክ ላይ አትመው ይሰጡታል።

ክፍሉን የምትጠብቀው ፈረንጅ ሴትዮ የሚመርጠውና የሚጥለው ነገር ግራ ያጋባት ነበር። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ የሆነውን ሰምቻለሁ። ውብ የሆነ የማዘጋጃ ቤት ፎቶ አቀረበችለት፤ ገፋው።

«ይህ እኮ ካሉን ሁሉ ምርጡ ነው» አለችው።

«ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል።»

«ሰዎቹ የታሪኩ አካል ናቸው።»

«ቦታ ይዘዋል» አላት።

እሱ የሚፈልገው ባዶ ደረጃ ነው፤ ደንበኛው የሚቆምበት። ሴትዮዋ ግን ይህን አዲስ አስተሳሰብ አድርጋ ወሰደችውና ለቤተ መጻሕፍቱ ጎብኚዎች ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘችው። ሄደ። ከረባቱን አስተካክሎ ቆመና «ሕንፃ ማለት ከፊቱ የሚቆም ሰው ካላገኘ ድንጋይ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ንግግሩ ይኸው ነበር። ቆመው አጨበጨቡለት፤ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። የእድሩ ጸሐፊ «ምሁር» ያለውም ከዚህ ተነሥቶ እንደሆነ አጣርቻለሁ።

በሥራው ግን ቀልድ አያውቅም። ጥላ ላይ በተለይ ግትር ነበር። «ፀሐዩ ሕንፃው ላይ የመጣው ከግራ ነው። አንተ በቀኝ በኩል በርተሃል። አንድ አገር ሁለት ፀሐይ የለውም» እያለ ደንበኛውን ትከሻውን ይዞ ያዞረዋል። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከጉልበት ከፍታ ያነሣል፤ ያኔ ሰውዬው ከዓምዶቹ ጋር ይመጣጠናል። ያልተፈታ አንድ ችግር ነበረበት። የድሮ ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ሰዎቻችን ደግሞ ቀይ ከረባትና ሰማያዊ ሱፍ ነው የሚለብሱት። ባለ ቀለም ሰው ግራጫ ከተማ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ደንበኞቹ ይህን ለቤተሰብ «ሚኒሶታ በበረዶው ወራት እንዲህ ነው» ብለው ያስረዱ ነበር። አገር ቤት ዛሬም ይህን የሚያምን ሰው አለ። ጋሼ ደምሴን ስጠይቀው «እኔ አልኩ? እኔ አላልኩም» አለኝ።

«እኔ አላልኩም» የዘወትር ቃሉ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ ግርጌ ላይ በነጭ ጠርዝ የሕንፃውን ስም፣ የተሠራበትንና የፈረሰበትን ዓመት በእንግሊዝኛ ያትማል። ያለዚህ ጽሑፍ ከስቱዲዮው የወጣ ፎቶ የለም። «ያልዋሸሁበት ማስረጃ ይኸው» ይላል። ጠረጴዛው ላይ ግን፣ ባንክ ቤት ብዕር እንደሚታሰረው፣ መቀስ በገመድ ታስሮ ነበር። ደንበኛው ፎቶውን ይቀበልና ግርጌውን ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፤ የቀረውን ደሴ ወይም ጎጃም ይልካል።

«መቀሱን ያሰርከው አንተ ነህ» አልኩት አንድ ቀን።

«ስለሚሰርቁት ነው» አለኝ።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ፍርድ ቤቱ ፊት ቆመው ሲነሡ አስታውሳለሁ። ልጅቷ መጋረጃውን ዳሰሰችና «ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ፌክ» አለች፤ የውሸት ነው ማለቷ ነው። እናትየው በዓይኗ ገሠጸቻት። ጋሼ ደምሴ ካሜራውን እያስተካከለ «ልጅቷ ትክክል ናት። ፈገግ በሉ» አለ።

አዲስ አበባ የመምሪያ ኃላፊ የነበሩ አንድ አቶ ወርቁ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እዚህ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ይቆርጣሉ። መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ አስገልጠው ማዕዘኑ ላይ ማማ ያለው፣ በሩ ግዙፍ የሆነ የድንጋይ ሕንፃ መረጡ። «ይህ ክብር አለው» አሉ። ጋሼ ደምሴ አነሣቸው፣ አተመ፣ ሰጣቸው። አቶ ወርቁ ግርጌውን ሳያነቡ ቆረጡት። ሕንፃው የከተማው እስር ቤት ነበር። «ለምን አልነገርካቸውም?» ስለው «ጠየቁኝ?» አለኝ። ፎቶው ካዛንቺስ እኅታቸው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ገብቼ አይቼዋለሁ። እኅትየው «መሥሪያ ቤቱ ነው» አሉኝ። እኔም አላልኩም።

ሰዎች ጋሼ ደምሴን ሲያነሡ ግን የሚያነሡት የከማልን ጉዳይ ነው። እኔ እዚያው ስለነበርኩ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከማል ብሩክሊን ሴንተር የሚኖር የታክሲ ሾፌር ነው። ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ዘመድ አገናኝቶት በስልክ ያጫት ሂክማ ግን የደሴ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ሰይድ እህል ነጋዴ ናቸው። ከማል ይህን እንደሰማ ስቱዲዮ መጥቶ ከመጋረጃዎቹ ሁሉ የዱቄት ፋብሪካውን መረጠ። ሱፍ ለብሶ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ፋብሪካው በር ላይ ቆመ። ግርጌውን ቆረጠ። ከጀርባው «የምሠራበት ቦታ» ብሎ ጽፎ ላከ።

አቶ ሰይድ ደወሉ። «ማሻአላህ፣ ትልቅ ነው። ውስጡንስ?»

ከማል ተመልሶ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ውስጡም ነበር። መፍጫዎቹ በረድፍ ተደርድረው፣ ቀበቶዎቻቸው ጣሪያ ድረስ ተዘርግተው የሚያሳይ ፎቶ ተላከ። አቶ ሰይድ አሁንም ደወሉ፤ «ሠራተኞችህንስ?» አሉ። ሠራተኞቹም ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ጺማቸውን ያጎፈሩ፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ፈረንጆች በመስመር ቆመው፣ ከጎናቸው ዱቄት የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች። ያም ተላከ።

«ከማል ልጄ» አሉ አቶ ሰይድ በሚቀጥለው ስልክ፣ «አሜሪካ እህል የሚያመላልሰው በፈረስ ነው እንዴ?»

«የባህል ቀን ነበር» አላቸው።

ጋሼ ደምሴ ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስኪያነባ ሳቀ። ሲጨርስ መነጽሩን ጠርጎ «እኔ አላልኩም» አለ።

ሂክማ በእጮኛ ቪዛ መጣች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጋቡ ትመለሳለች። አቶ ሰይድም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ ልጃቸው ፋብሪካውን በዓይኗ አይታ ካልደወለችላቸው ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ አይታሰርም። ሂክማ የከማል እኅት ቤት አረፈችና ፋብሪካውን አሳየኝ አለች። መጀመሪያ በረዶ ነው አላት። ቀጥሎ መንገዱ ተዘግቷል አለ። ቀጥሎ እድሳት ላይ ነው አለ። ሦስት ወሩ ሊያልቅ ሲቃረብ አቶ ሰይድ ቢያንስ የሁለታችሁን ፎቶ ላኩልኝ አሉ፤ ለዚህም እኅቱ ሂክማን ቅዳሜ ረፋድ ስቱዲዮ ልታመጣት ተቀጠረ።

ከማል ቀድሞ መጣ። ታክሲውን ሂክማ እንዳታየው ጥግ ዞሮ ነው ያቆመው። እኔ ለጋዜጣው የሚሆን ፎቶ ልወስድ ሄጄ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ ተቃጥሏል በልልኝ።»

«ምኑ?»

«ፋብሪካው ነዋ። ባለፈው ሳምንት።»

«ከማል፣ ይህ ፋብሪካ ሲፈርስ አባትህ ገና አላገባም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጋዜጣህ ላይ አውጣልኝ። ትንሽ ዜና፣ ሦስት መስመር ትበቃኛለች።»

«ማን አየው?» አልኩት።

«እኔ።»

«ሁለተኛ ሰው?»

«ጋሼ ደምሴ።»

«እኔ ያየሁት በፎቶ ነው» አለ ጋሼ ደምሴ። «ያኔ አልተቃጠለም።»

«ሰው ሞተ በሉ አላልኳችሁም እኮ» አለ ከማል። «ማንንም የማይጎዳ እሳት ነው።»

በሥራ ዘመኔ ዜና እንዳወጣና እንዳላወጣ ብዙ ተለምኛለሁ። ቃጠሎ እንዳስነሣ የተለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እምቢ አልኩት።

«እሺ፣ ይህን መጋረጃ አውርድልኝ። ሌላ ስቀል። ፍርድ ቤቱን ስቀል።»

ይህን ጋሼ ደምሴ አልተቃወመም፤ መጋረጃ መቀየር የደንበኛው መብት ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ የአንዱን ጫፍ ማሰሪያ ፈታ። የሁለተኛውን ሊፈታ መሰላሉን ሲያንቀሳቅስ በሩ ተከፈተና ሂክማ ገባች፤ የከማል እኅት በር ድረስ አድርሳት ተመልሳለች። ፋብሪካው በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ጭስ ማውጫዎቹ ወለሉን ነክተዋል።

አጠር ያለች፣ ሻርፗን አጥብቃ ያሰረች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ልጅ ናት። ሰላም አለችን። ወደ መጋረጃው ሄዳ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። «ፕላስቲክ ነው» አለች። ሂክማ ቦርሳዋን ከፍታ ሞባይልና የስልክ ካርድ አወጣች፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነካች፣ ጠበቀች።

«አባባ፣ ደህና አመሸህ? ፋብሪካውን አየሁት።» አዳመጠች። «አዎ። ተሰቅሏል።» ትንሽ ቆይታ «አይደለም፣ አላበድኩም። የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ፣ ጠይቀው» ብላ ስልኩን ወደ መሰላሉ ዘረጋች።

ከማል ጋሼ ደምሴን አየው። ኒካሁ መሰላሉ ላይ ባለው ሰው አፍ ውስጥ እንዳለ ሁላችንም ገብቶናል። ጋሼ ደምሴ ወርዶ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ። አቶ ሰይድ ባሕር ማዶ ካለ ሰው ጋር እንደሚያወሩ የማይረሱ ሰው ናቸውና ይጮኻሉ፤ የሚሉት ሁሉ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ፣ ፎቶ አንሺው ነህ?»

«ነኝ።»

«ፋብሪካው አለ?»

ጋሼ ደምሴ ግርጌ ላይ እንደሚያትመው አድርጎ መለሰ። «የለም። ከፈረሰ ቆይቷል። ቦታው አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው።»

«ሠራተኞቹስ?»

«ሞተዋል።»

«ፈረሶቹስ?»

«ፈረሶቹማ ቀድመው ነው የሞቱት።»

አቶ ሰይድ ቀጠሉ። «ልጁ ምን ይሠራል?»

«ታክሲ ይነዳል።»

«የራሱ ነው?»

«የኪራይ ነው።»

«ማቆሚያው ላይ እኮ ነው ተሳፋሪ የምጠብቀው» አለ ከማል፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «የምሠራበት ቦታ ነው ያልኩት። ቦታው ነው።»

«ዝም በል አንተ» አሉት ከደሴ። ከዚያ ለጋሼ ደምሴ፦ «ከፈረሶቹ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። እኔ ወፍጮ አላውቅም? የፋብሪካ አለቃ ቢሆን ልጄን ከዚህ ድረስ ምን አስፈልጎት ያስመጣታል? ግን ፎቶው ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበር፤ ቀጥሎ ምን ይልክ ይሆን እያልን ነው የጠየቅነው። ለልጄ ስጣት።»

ሂክማ ጀርባዋን ሰጥታን አዳመጠች። የሰማነው የእሷን ብቻ ነው። «እሺ አባባ። አይ፣ አላለቀስኩም። አንተ ከፈቀድክ እኔ እወስናለሁ። እሺ።» ዘጋችና ወደ ከማል ዞረች።

«ሦስት ወር ሙሉ በረዶ ነው አልከኝ።»

«በረዶም ነበር።»

«ስትመለስ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለህ። ፋብሪካ ዱቄት እንጂ ቤንዚን አይሸትም ብዬ እኅትህን ጠይቄያት ሳቀች።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ታክሲው የት ነው?»

«ጥግ ላይ።»

«አሳየኝ።»

ወጡ። እኔና ጋሼ ደምሴ ወደ ታክስ ሞይው ቢሮ አልፈን በመስኮቱ ተመለከትን። ከማል ታክሲውን አምጥቶ በሩ ላይ አቆመ። ሂክማ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረችው። ከማል ወርዶ የኋላውን በር ከፈተላት። ዘጋችው። የፊተኛውን ከፍታ ከጎኑ ባለው መቀመጫ ገባችና ቀበቶውን አሰረች። ከማልም ገብቶ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለጥቂት ጊዜ ሲነጋገሩ ቆዩ፤ ይበልጡን የምትናገረው እሷ ናት። ከዚያ ሄዱ። ማንም ለጋሼ ደምሴ ቻው ያለው የለም።

«ዛሬ ግን ምን ሆነህ ተናገርክ?» አልኩት።

«ጠየቁኝ» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ‘ሕንፃው አለ ወይ?’ ብሎ የጠየቀኝ የለም።» ወደ ውስጥ ተመለሰ። «ና፣ ያን ጫፍ ያዝልኝ።» ፋብሪካውን መልሰን ሰቀልነው።

ወሬው ኤርፖርት ታክሲዎች በሚሰለፉበት ቦታ በአንድ ቀን ተዳረሰ። ሾፌሮቹ ቂም የያዙት ከማል በመዋሸቱ አልነበረም፤ ያንን ሁሉም ያውቃል፣ ብዙዎቹም እዚያው በር ላይ ቆመው ተነሥተዋል። የያዙት ጋሼ ደምሴ ስልክ ላይ በመናገሩ ነው። «ምሥጢር የማይቋጥር፣ ሆድ የሌለው ሰው» አሉት። ክሪስታል ከተማ የሚኖር አንድ ሾፌር «ነገ ደግሞ ለእኔ ሚስት ደውሎ ይነግራታል» ብሎ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት የተነሣውን ፎቶ ሊመልስለት መጣ። ግርጌው ተቆርጦ ስለነበር ጋሼ ደምሴ አልቀበልም አለ። ከዚያ ወዲህ ከሾፌሮች ስቱዲዮውን የረገጠ አላየሁም። ነርሶቹ ለጥቂት ጊዜ ይመጡ ነበር፤ እነሱም ዲጂታል ካሜራ ገዙ።

ከማልን በኋላ አግኝቼው ስለ ጋሼ ደምሴ ጠይቄው ነበር። «ይቅር ብዬዋለሁ» አለኝ። ምኑን ይቅር እንዳለው ጠየቅሁት። ተሳፋሪ መጣለትና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ኒካሁ ስቱዲዮ ከመጡበት ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው እሑድ ክሪስታል ውስጥ አንድ አዳራሽ ታሰረ። አቶ ሰይድ ፈቃዳቸውን የሰጡት በስልክ ነው። ይህን ከተገኙት እንግዶች አጣርቻለሁ። ፎቶ ያነሣው ሌላ ሰው ነው።